አንድ ጥርስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በየቀኑ በሞተር ሳይክል የሚመላለስ ሰው ያለችው አንዲት ሞተር ሳይክል ብትሆንም በተግባር ሁለት እንዳለው ይቆጠራል፤ አንደኛዋ ጠዋት በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት የምትወርደው፣ ሁለተኛዋ ማታ ሐረጎን የምትወጣው ናት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ቃሉ ወረዳ ነው፤ የክትባት ሣጥኔን ከኋላ አስሬ በዚህ መንገድ ስመላለስ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። ከእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ ስለ ማርሽ ከሁሉ የበለጠ ያስተማሩኝ በሞተር ሳይክሌ ላይ አንድ የብረት ጥርስ ጨምሬ የነዳሁባቸው አምስት ወራት ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። መንገዱ እዚያ ይቃናል፤ ቦርከናም አብሮ ይወርዳል። ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሌ በአምስተኛ ማርሽ፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ትደርስና ከዚያ አልፋ አትሄድም ነበር። ሞተሩ ይጮኻል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የፍጥነት መቁጠሪያው ቀስት ግን ከ80 ፈቀቅ አይልም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ይህንን ስናገር፣ ሻጩ ምንም ሳያመነታ ባለ 15 ጥርስ ፒኞን፣ ማለትም ሰንሰለቱን ከፊት የምታዞረውን ትንሽ ባለ ጥርስ ብረት፣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። የነበረኝ ባለ 14 ነበር። «አንድ ጥርስ ብቻ ጨምር፤ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል» አለኝ። ገዛሁት፤ በዚያው ዕለትም ቧንቧ ውኃ አጠገብ በምጠቀምበት ጋራዥ አስቀየርኩት።

የሻጩ አባባል በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወረቀቱን ሒሳብ ላሳይ።

የሞተሩ ዙር ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በሦስት ቦታ እየተቀነሰ ነው። የመጀመሪያው ቅናሽ ከሞተሩ ዘንግ ወደ ፍሪሲዮን የሚደረገው ነው፤ በእኔ ሞተር ሳይክል 4.055 ነው፣ ይኸውም ፍሪሲዮኑ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ከአራት ጊዜ በላይ ዞሯል ማለት ነው። ሁለተኛው የማርሽ ሣጥኑ ነው፤ አንደኛ ማርሽ 2.77፣ ሁለተኛ 1.88፣ ሦስተኛ 1.40፣ አራተኛ 1.13፣ አምስተኛ 0.96። ሦስተኛው ከፊት ያለችው ትንሿ ፒኞን በሰንሰለቱ አማካይነት ከኋላ ያለውን ትልቁን ኮሮና የምታዞርበት ነው፤ የእኔ ኮሮና 42 ጥርስ ስላለው ከ14 ጋር ሲካፈል ልክ 3 ይሆናል። ሦስቱን ስናባዛ በአንደኛ ማርሽ የኋላ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ 34 ጊዜ ገደማ፣ በአምስተኛ ግን ወደ 12 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል።

የቀረው የጎማው ዙሪያ ልክ ነው። ይህንን ከመጽሐፍ ከመውሰድ በእጅ መለካት ይሻላል። በጎማው ላይና በትክክል ከሥሩ ባለው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ኮርቻው ላይ ተቀመጠልኝ፣ ምክንያቱም ክብደት ያረፈበት ጎማ ከባዶው ትንሽ ያጥራል። ከዚያ ምልክቱ ዞሮ እንደገና መሬት እስኪነካ ድረስ ቀስ አድርጌ ገፋሁና በሜትር ለካሁ፤ 1 ሜትር ከ90 ሳንቲ ሜትር ሆነ። እንግዲህ በ80 ኪሎ ሜትር ስጓዝ ጎማው በደቂቃ 702 ጊዜ፣ ሞተሩ ደግሞ በደቂቃ 8,200 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። በዚሁ ዙር ባለ 15 ጥርስ ፒኞን ብትገባ የመጨረሻው ቅናሽ ከ3 ወደ 2.8 ይወርድና ፍጥነቱ 86 ይጠጋል። ሻጩ ያለው ይህንን ነው። ሒሳቡ ዝም ብሎ የሚያልፈው ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ሞተሩ በ86 ኪሎ ሜትር ያንን ዙር ለመጠበቅ የሚበቃ ኃይል አለው ወይ?

አልነበረውም። ፒኞኑ በተቀየረ ማግስት፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ በዚያው የሐርቡ መንገድ ላይ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ቀስቱ 78 ላይ ቆመ። አንድ ጥርስ ጨምሬ ሁለት ኪሎ ሜትር አጣሁ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት መቁጠሪያውን ነበር፤ ነገር ግን የእኔ መቁጠሪያ የሚሠራው ከፊት ጎማ በሚመጣ ገመድ በመሆኑ የፒኞን መቀየር አይነካውም። መቁጠሪያቸው ዙሩን ከማርሽ ሣጥን የሚወስድ ሞተር ሳይክሎች አሉ፤ በእነዚያ ላይ ፒኞን ሲቀየር ቀስቱም አብሮ ስለሚዋሽ፣ ባለቤቱ የተገኘውንም የጠፋውንም በትክክል ማወቅ አይችልም። መንገዱ ትንሽ ቁልቁል በሚሆንበት ቦታ ላይ ግን ቀስቱ ያለ ችግር 86 ደረሰ፤ ይህም ሒሳቡ ራሱ እንዳልተሳሳተ፣ የጎደለው የሚገፋ ኃይል እንደሆነ አሳየኝ።

ምክንያቱ በአብዛኛው ነፋስ ነው። አየር በተቀማጩ ደረት ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ነው፤ ያንን ግፊት ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል ደግሞ ያ ውጤት እንደገና በፍጥነቱ ሲባዛ በሚሰጠው ልክ ያድጋል። ከ14 ወደ 15 መሄድ የ7 በመቶ ጭማሪ ነው፤ ፍጥነትን በ7 በመቶ ለማሳደግ ለነፋሱ ብቻ 23 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል መክፈል ያስፈልጋል። ሞተሩ በ80 ኪሎ ሜትር ያለውን ሁሉ እየሰጠ ከነበረ ይህ 23 በመቶ ከየት ይመጣል? ጥርስ ኃይል አይወልድም፤ ያለውን ኃይል በዙርና በጉልበት መካከል ይመነዝራል እንጂ። በአዲሱ ፒኞን ሞተሩ በ78 ኪሎ ሜትር 7,460 ዙር ገደማ ላይ ነበር፤ ከፍተኛ ኃይሉን የሚሰጥበት ዙር ላይ ሳይደርስ ነፋሱ አስቆመው። ለካስ ከፋብሪካ የወጣችው ባለ 14 ጥርስ ፒኞን የሞተሩ ኃይል ጫፍና የነፋሱ ተቃውሞ በሚገናኙበት ቦታ አጠገብ ተሰልታ የተቀመጠች ናት።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፣ በአየርም ነው። ኮምቦልቻ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል፣ ደሴ ላይ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ፒስቶኑ በየጊዜው የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፣ ኃይሉም አብሮ ያንሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር በልኩ ስለማይቀንስ ድብልቁ ይወፍራል፤ ደሴ ውስጥ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሲፈታ ብዙ ጊዜ ጥላሸት ለብሶ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በዝቅተኛ ቦታ ላይ በዚያች ተጨማሪ ጥርስ የሚጠቀም ሰው ሊኖር ይችላል። ቆላ ላይ ሠርቶ ያሳየውን ደጋ ላይ አምጥቶ መሸጥ ግን በኃይላችን ሩብ ላይ ዓይንን መጨፈን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ሜዳው ነው። እውነተኛው ዋጋ የተከፈለው ሐረጎ ላይ ነበር።

ብዙ ጊዜ ማታ ስመለስ አንድ የሥራ ባልደረባዬን ከኋላ አስቀምጬ እወጣለሁ። እኔ፣ እሱ፣ ሣጥኑና ሞተር ሳይክሏ በአንድነት 270 ኪሎ ግራም ገደማ እንሆናለን። በባለ 14 ጥርስ ፒኞን ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ 5,400 ዙር ላይ ሆኖ፣ እያቃሰተም ቢሆን ሳይወድቅ ይወጣው ነበር። በባለ 15 ግን በዚያው ፍጥነት አራተኛ ማርሽ 5,060 ዙር ገደማ ላይ ያርፋል። ልዩነቱ ከ400 ዙር ያነሰ ነው፤ ነገር ግን የዳገቱ ፍላጎትና የሞተሩ አቅም የሚለያዩት በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ፍጥነቱ ወደ 43፣ ወደ 40 ይወርዳል፤ ዙሩ በወረደ መጠን ኃይሉ ይበልጥ ያንሳል፤ ኃይሉ ባነሰ መጠን ዙሩ ይበልጥ ይወርዳል። አንድ ጊዜ የጀመረ መውደቅ በራሱ አይቆምም። ወደ ሦስተኛ ስቀንስ ደግሞ ሞተሩ በድንገት ይጮኻል፤ ትንሽ ፍጥነት አግኝቼ ወደ አራተኛ ስመልሰው እንደገና ይወድቃል። ከታች እስከ ላይ አራተኛና ሦስተኛ እየቀያየርኩ እወጣለሁ። በአምስቱ ወራት ውስጥ የግራ እግሬ ጫማ ከላይ በኩል ማርሽ በሚነካበት ቦታ ላይ ተበላ፤ ያንን ጫማ እስካሁን አልጣልኩትም።

ማርሾች ለምን እኩል እንደማይራራቁ የገባኝም ያኔ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ሲቀየር የሞተሩ ዙር በ32 በመቶ ይወርዳል፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ በ26፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ በ19፣ ከአራተኛ ወደ አምስተኛ በ15 በመቶ። ቀርፋፋ ስንሆን ሞተሩ የተረፈ ኃይል ስላለው ሰፊ እርምጃ ይችላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ትርፉ እየጠበበ ስለሚሄድ እርምጃውም መጥበብ አለበት። የእኔ ዳገት የሚጠይቀው ማርሽ በአሮጌው ፒኞን ጊዜ አራተኛ ነበር፤ በአዲሱ ፒኞን ጊዜ ግን በሦስተኛና በአራተኛ መካከል፣ ማርሽ በሌለበት ቦታ ላይ ወደቀ። ሦስት ተኩል የሚባል ማርሽ የለም። አንድ ጥርስ ያደረገው ነገር ሞተር ሳይክሏን ማዳከም አልነበረም፤ አምስቱን ማርሾች በሙሉ ከምሄድበት መንገድ ላይ አንሸራትቶ ሌላ ቦታ አስቀመጣቸው።

ስለ መቀየሩ ሥራም ጥቂት ማለት እወዳለሁ፤ ብዙ ሰው በእግሩ ያውቀዋል፣ ውስጡን ግን አላየውም። ጋራዡ ውስጥ አንድ ቀን የተከፈተ የማርሽ ሣጥን አግኝቼ በጣቴ እያዞርኩ አየሁት። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ማርሽ ቢገባም ባይገባም ሁልጊዜ እንደተነካኩ ናቸው፤ እግራችን የሚያደርገው ጥርስን ከጥርስ ማገናኘት አይደለም። በእግር የምንነካው ዘንግ አንድ ቦይ የተቀረጸበት ክብ ብረት ያዞራል፤ በቦዩ ውስጥ የሚሄዱ ሹካዎች አንዱን ጥርስ ወደ ጎን ይገፉትና በጎኑ ያሉት ወፍራም ጉብታዎች ከጎረቤቱ ቀዳዳ ይገባሉ፤ በዚያን ጊዜ እንደ ልቡ ይዞር የነበረው ጥርስ ከዘንጉ ጋር ይያያዛል። ክቡ ብረት በተራ ስለሚዞር ከአምስተኛ ወደ ሁለተኛ መዝለል አይቻልም፤ አራተኛንና ሦስተኛን ማለፍ ግድ ነው። ፎሌም፣ ማለትም ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ፣ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለች ግማሽ እርምጃ ናት። ፍሪሲዮን ሳይዙ በኃይል የሚረግጡ ሰዎች የሚያፈርሱት የእነዚያን ጉብታዎች ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ሲከብብ ማርሹ ዳገት ላይ በራሱ ይወጣል።

ፍሪሲዮን፣ ፎሌ፣ ካንዴላ፣ ኮሮና፣ ፒኞን፣ ማርሽ፤ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ይህ መንገድ ራሱ የተሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመን ሲሆን፣ ቃላቱም ከመኪናዎቹ ጋር በዚያው ወደ ጋራዦቻችን ገብተው ቀርተዋል። ሐረጎን ስወጣ በመንገዱም በቃላቱም ላይ አብሬ እሄዳለሁ።

አሁን ወደ ቁልቁሉ ልመለስ፤ ውሳኔዬን ያስቀየረኝ እሱ ነውና። በሰኔ ወር አንድ ጠዋት ከደሴ ስወጣ ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ አስፋልቱም ረጥቧል። ከፊቴ የተጫነ ከባድ መኪና በዝግታ ይወርዳል። እኔ በአራተኛ ማርሽ ነበርኩ፤ በአሮጌው ፒኞን ይህ ማርሽ ነዳጅ ስለቅ የሚበቃ መያዣ ይሰጠኝ ነበር። በአዲሱ ግን ሞተሩ ከኋላ የሚይዘው በዚያው 7 በመቶ ስለቀነሰ፣ ሳላስተውል የጎደለውን በእግር ፍሬን እየሞላሁ ብዙ ወርጃለሁ። ከጥቂት ጥምዝ በኋላ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ከመኪናው መስሎኝ ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ የከባድ መኪና ፍሬን ሽታ እንግዳ አይደለም። ከዚያ ግን የፍሬኑ መርገጫ ከወትሮው ጠልቆ ሲወርድ ሽታው የእኔ እንደሆነ ገባኝ። ወደ ሦስተኛ፣ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ቀነስኩ፤ ሞተሩ ጮኾ ያዘኝ፤ የፊት ፍሬኑን በእርጥቡ አስፋልት ላይ በጣም በቀስታ እየነካሁ ከመንገዱ ዳር ቆምኩ። የኋላውን ሞዮ፣ ፍሬኑ ያለበትን የጎማውን መሃል፣ በእጄ ልነካው ስጠጋ ሙቀቱ ከሩቅ ይገፋል፤ በላዩ ላይ ያረፈው ካፊያ እየተንጫጫ ይተን ነበር።

እዚያው ተቀምጬ ያሰላሁትን እነሆ። እኔ ብቻዬን ከሣጥኔ ጋር ስሆን ሞተር ሳይክሏን ጨምሮ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነን። ይህ ክብደት 650 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ደሴ ላይ አራት ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍላት ይችላል፤ ብዙ ጀበና ቡና ማለት ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ወይ ወደ ነፋስ፣ ወይ ወደ ሞተር፣ ወይ ወደ ፍሬን መሄድ አለበት፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ሞተሩ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ሰፊ አካል አለው፤ የኋላ ፍሬኑ ግን መዳፍ የምታህል ነገር ናት። ቤንዚን ለመቆጠብ ብለው ይህንን ቁልቁል በፎሌ የሚወርዱ ወንድሞቼን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሠጋል፤ የሞተሩን ድርሻ በሙሉ ለዚያች ትንሽ ፍሬን አሸክመዋታልና።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ፒኞኑን ሲቀይሩልኝ አንድም ቃል አልተናገሩም ነበር። «ጋሼ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። ሰንሰለቱን በጣታቸው ወደ ላይና ወደ ታች እያነቃነቁ፣ «አብሽር ልጄ፤ አንተ ፍጥነት አልከኝ፣ መንገድህን መቼ ነገርከኝ?» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው ጠየቁኝ፤ በቀን ስንት ጊዜ ሐረጎን እንደምወጣ፣ ሰው እንደምጭን፣ ከዋናው መንገድ ወጥቼ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሳምንት ስንት ቀን እንደምገባ። እነዚህን ጥያቄዎች ሱቁ ውስጥ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ለባለ 15 ፒኞን ፍትሕ መስጠት አለብኝ። ሜዳ ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ስጓዝ የሞተሩ ዙር ከ6,150 ወደ 5,740 ገደማ ወርዶ ነበር፤ ሐርቡ ስደርስ እጄ ያነሰ ይደነዝዛል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ጥርሱ ጎዶሎ ቁጥር መሆኑም ጥሩ ነገር አለው፤ የሰንሰለት ዓይኖች ቁጥር ሁልጊዜ ለሁለት እኩል የሚከፈል ስለሆነ፣ ጥርሱም እንዲሁ ለሁለት እኩል በሚከፈል ፒኞን ላይ አንድ ጥርስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዓይን ላይ ብቻ ያርፋል፤ በጎዶሎ ላይ ግን በየዙሩ ስለሚቀያየር መበላቱ ይከፋፈላል። ኑሮው ኮምቦልቻ፣ መንገዱም ከሐርቡ የማያልፍ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ይህንኑ እንዲያስቀር እመክረው ነበር።

የእኔ መንገድ ግን ሌላ ነው። መካኒኩ ባለ 14 ዋን መለሱልኝ፤ ያረጀችውን ሳይሆን አዲስ፣ ከነሰንሰለቷና ከነኮሮናዋ፣ ምክንያቱም ከተበላ ሰንሰለት ጋር የተገጠመ አዲስ ጥርስ ቶሎ ይበላል። በዚያው ማታ ከባልደረባዬ ጋር ስንወጣ አራተኛ ማርሽ 45 ላይ ያዘ፤ እግሬም ያለ ሥራ ተቀመጠ።

አሁን ሐምሌ ሊገባ ነው፤ የክትባት ዘመቻው ወደ ተራራው ቀበሌዎች ይሄዳል፤ ጭቃና ድንጋይ ነው፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበት ቦታ የለም። መካኒኩ ባለ 13 ፒኞን አግኝተውልኛል። በወረቀት ላይ ፍጥነቴ በዚያው 8,200 ዙር 74 ላይ ይቆማል፤ በምላሹ አንደኛ ማርሽ ሞተሩን 36 ጊዜ እያዞረ ጎማውን አንድ ጊዜ ይገፋል። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ እንድመጣ ቀጥረውኛል፤ ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝ አጥቤ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነው።